ሳይሰምጡ የተተዉ ጀልባዎች፦ የ1979ኙ የፋስትኔት ውድድር የጉዳይ ጥናት

ከእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ እስከ አየርላንድ ደቡባዊ ጠረፍ በተዘረጋው ባሕር ላይ፣ ነሐሴ 7 ቀን 1971 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 13 ቀን 1979) ማታ ተነሥቶ እስከ ማግስቱ በዘለቀው ወጀብ፣ 24 የውድድር ጀልባዎች ሠራተኞቻቸው ጥለዋቸው ወጥተዋል። ከ24ቱ የሰመጡት 5 ብቻ ናቸው። የቀሩት 19 ወጀቡ ካለፈ በኋላ፣ አንዳንዶቹ ምሰሷቸው ተሰብሮና ውሃ ገብቶባቸው፣ ነገር ግን እየተንሳፈፉ ተገኝተው በገመድ ተጎትተው ወደብ ደርሰዋል። በዚያው ወጀብ ከተወዳዳሪዎቹ መካከል 15 ሰዎች ሞተዋል። የ7ቱ ሞት ከነፍስ አድን የላስቲክ ታንኳ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ እነዚያ 7 ሰዎች ትተዋቸው የወጡት ጀልባዎች ከእነርሱ በኋላ ሳይሰምጡ ቆይተዋል።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህንኑ ነገር ነው፤ ባሕር የለመዱ፣ ጀልባቸውን የሚያውቁ ሰዎች ተሸክሟቸው ያለውን ጀልባ ለምን ይተዋሉ? ቀላሉ መልስ «ደነገጡ» የሚለው ነው። እኔ ግን የዚያን ሌሊት ሁኔታ ደረጃ በደረጃ ያየ ሰው በዚህ መልስ የሚረካ አይመስለኝም።

የፋስትኔት ውድድር የተጀመረው በ1925 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በዚያ ዘመን በየሁለት ዓመቱ፣ ጎዶሎ ቁጥር ባላቸው ዓመታት ይካሄድ ነበር። ጀልባዎቹ በእንግሊዝ ደቡብ ካለችው ከዋይት ደሴት፣ ካውስ ከተባለችው ከተማ ተነሥተው የእንግሊዝን ደቡባዊ ጠረፍ ተከትለው ወደ ምዕራብ ይጓዛሉ፤ ላንድስ ኤንድ ከተባለው የምድሪቱ ጫፍ ሲያልፉ መጠጊያ የሌለውን ባሕር አቋርጠው ወደ አየርላንድ ያመራሉ፤ እዚያም ፋስትኔት የተባለውን አለት ዞረው፣ በሲሊ ደሴቶች ደቡብ በኩል ተመልሰው በዚያ ዘመን ፕሊመዝ ወደብ ይገቡ ነበር። ጠቅላላው ጉዞ 605 የባሕር ማይል፣ ማለትም 1,120 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ፋስትኔት አለት ራሱ ከአየርላንድ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ ወጣ ብሎ ብቻውን የቆመ ድንጋይ ነው፤ በላዩ ላይ 54 ሜትር የሚረዝም የግራናይት የመብራት ማማ አለ። ወደ አሜሪካ የሚሰደዱ አየርላንዳውያን ከአገራቸው መጨረሻ የሚያዩት እርሱን ስለነበር «የአየርላንድ እንባ» ይሉታል።

በዚያ ዓመት ነሐሴ 5 ቀን (ኦገስት 11) ቅዳሜ ከካውስ 303 ጀልባዎች ተነሡ። ከተወዳዳሪዎቹ መካከል የቀድሞው የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤድዋርድ ሂዝ «ሞርኒንግ ክላውድ» በተባለች ጀልባቸው፣ በዓመቱ ሲ.ኤን.ኤን. የተባለውን የቴሌቪዥን ጣቢያ የከፈተው አሜሪካዊው ቴድ ተርነርም «ቴኔሸስ» በተባለች ጀልባው ነበሩበት። ከ19 አገሮች የመጡ፣ ሦስት ሦስት ጀልባ ያሰለፉ ቡድኖችም ነበሩ። ከሁሉም የሚበዙት ግን ቤተሰብና ወዳጅ የተሳፈረባቸው፣ ከ9 እስከ 12 ሜትር የሚረዝሙ ትንንሽ ጀልባዎች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ነፋሱ ደካማ ስለነበር ጀልባዎቹ ቀስ ብለው ነው የተጓዙት። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ሆኖም ወጀቡ ሲደርስ አብዛኞቹን ትንንሽ ጀልባዎች መጠጊያ ወደብ በሌለበት፣ በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ባለው ገላጣ ባሕር ላይ ያገኛቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ወጀቡ የመጣው ከሩቅ ነው። ከጥቂት ቀናት በፊት በሰሜን አሜሪካ መካከለኛ ሜዳዎች ላይ ተነሥቶ የነበረ አነስተኛ የዝቅተኛ ግፊት ሥርዓት አትላንቲክን በፍጥነት ተሻግሮ፣ ወደ አየርላንድ ሲቃረብ በድንገት ጠለቀ፤ በመካከሉ ያለው የአየር ግፊት 980 ሄክቶፓስካል ገደማ ደረሰ። ሰኞ እኩለ ቀን በቢ.ቢ.ሲ. ሬዲዮ የተነበበው የባሕር ትንበያ በቦፎርት መለኪያ ቢበዛ ብርታት 7 የሚደርስ ነፋስ እንደሚኖር ይናገር ነበር። ይህ በሰዓት እስከ 61 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ፣ ለውድድር ሰዎች አድካሚ ቢሆንም የሚመኙት ዓይነት ነፋስ ነው። ከዚያ በኋላ ማስጠንቀቂያዎቹ ደረጃ በደረጃ ከፍ እያሉ መጡ፤ ይሁን እንጂ የብርታት 10 ማስጠንቀቂያ በሬዲዮ የተሰማው ነፋሱ ብዙዎቹን ጀልባዎች ከመታቸው በኋላ፣ ወይም ሊመታቸው ጥቂት ሲቀረው ነበር። ብርታት 10 ማለት በሰዓት ከ89 እስከ 102 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነው፤ ያን ሌሊት ሽውታው ከዚህም አልፏል። ነፋስ የሚገፋበት ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በትንበያውና በእውነቱ መካከል የነበረው ልዩነት በቁጥር ሲነበብ ከሚመስለው እጅግ የሰፋ ነበር።

ከነፋሱ ይልቅ ሰዎቹን የጎዳው ባሕሩ ነው። በመጀመሪያ ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ሲነፍስ ቆይቶ ትልልቅ ሞገዶችን በአንድ አቅጣጫ ካስነሣ በኋላ፣ ቀዝቃዛው የአየር ግንባር ሲያልፍ ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን ምዕራብ ዞረ። አዲሱ ነፋስ ያስነሣቸው ሞገዶች ቀድሞ ከነበሩት ጋር እየተጋጩ፣ እስከ 15 ሜትር እንደደረሱ የተገመቱ፣ ራሳቸው ገደል የሆነና በድንገት የሚናዱ የውሃ ግድግዳዎች ፈጠሩ። መሪውን የያዘ ሰው ከኋላ ለሚመጣው ሞገድ ጀልባውን አዘጋጅቶ ሳለ ሌላው በጎን ይመታዋል። ይህ የሆነው ደግሞ በጨለማ ነው፤ የሞገዱን ነጭ ራስ ከማየታቸው በፊት ድምፁን ይሰሙት እንደነበር ብዙዎች መስክረዋል።

በዚህ ባሕር ላይ የጀልባው ቅርጽ ወሳኝ ሆነ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ለውድድር የሚሠሩ ጀልባዎች የሚመዘኑበት ሕግ ሰፊና ቀላል ጀልባ የሚሠሩ ሰዎችን የሚጠቅም ነበር፤ ከላይ የተቀመጡት ሰዎች ክብደት ጀልባውን ቀጥ አድርጎ እንዲይዘው ወገቡ ይሰፋል፣ ፍጥነት እንዲጨምርም ከሥር ያለው ክብደት ይቀንሳል። እንዲህ ያለው ጀልባ በተራ ነፋስ ጎበዝ ነው። ጉድለቱ የሚታየው በተገለበጠ ጊዜ ነው፤ ሰፊ ገበታ በፊቱም ሆነ በጀርባው ተደላድሎ እንደሚቀመጥ ሁሉ፣ ሰፊው ጀልባም ሽቅብ ሆኖ እንደሚረጋ ቁልቁል ተገልብጦም ሊረጋ ይችላል። ከአደጋው በኋላ በተደረገው ስሌት ከተጎዱት ጀልባዎች አንዷ በጎኗ ወድቃ ወደ 120 ዲግሪ ገደማ ካለፈች በኋላ ወደ ሙሉ መገልበጥ እንደምትሄድ፣ በአሮጌው ጠባብ ቅርጽ የተሠራችው ኮንቴሳ 32 የተባለችው ዓይነት ግን ከ150 ዲግሪ በላይ ብታዘነብል እንኳ ተመልሳ እንደምትነሣ ታወቀ። በኋላ መረጃ ከሰጡት ጀልባዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ምሰሷቸው ከውሃው ወለል በታች እስኪወርድ ድረስ ተገልብጠው ነበር፤ ጥቂቶቹም ተገልብጠው ለደቂቃዎች ቆይተዋል።

ጀልባ ሲገለበጥ በውስጡ የሚሆነውን ማሰብ ለጥያቄያችን መልስ ያቀርበናል። ወደ ታችኛው ክፍል የሚያስገባው በር የሚዘጋው በጎድጓዳ መስመር ላይ ከላይ ወደ ታች በሚሰኩ ሳንቃዎች ነበር፤ ብዙዎቹ ሳንቃዎች የሚያስራቸው ነገር አልነበረም። ጀልባው ሲገለበጥ ሳንቃዎቹ በገዛ ክብደታቸው ሾልከው ይወድቃሉ፣ ባሕሩም በክፍቱ በር ይገባል። ምድጃው ከቦታው ይነቀላል፤ በደንብ ያልታሰሩ ባትሪዎችና የቆርቆሮ ምግቦች እንደ ድንጋይ ይወረወራሉ፤ መብራት ይጠፋል፤ ዘይት፣ የባትሪ አሲድና የባሕር ውሃ ይደባለቃሉ። ጀልባው ቀና ሲል ሰዎቹ ራሳቸውን እስከ ጉልበታቸው በሚደርስ ውሃ ውስጥ፣ በጨለማ ያገኙታል። ምሰሶው ተሰብሮ በሽቦዎቹ ተንጠልጥሎ የጀልባውን ጎን በየሞገዱ ይደበድባል። ጀልባቸው ቀዳዳ ይኑረው አይኑረው የሚያውቁበት መንገድ የላቸውም። ውሃው እየጨመረ ይሁን ወይም ያው የገባው ይሁን ለመለየት ቆሞ ማየትን ይጠይቃል፤ ቀጣዩ መገልበጥ መቼ እንደሚመጣም አይታወቅም። በአንጻሩ የነፍስ አድን ታንኳው አዲስ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ስሙም «ነፍስ አድን» ነው። ይህ ስም ራሱ የዋለውን ሚና አቅልዬ አላየውም፤ ለክፉ ቀን የተገዛ ዕቃ ክፉው ቀን ሲመጣ አለመጠቀም ለሰው ልጅ ከባድ ነው።

ሌላው ምክንያት ብርዱ ነው። ወሩ በአውሮፓ በጋ ቢሆንም ውሃው በሰው ሰውነት ሚዛን ቀዝቃዛ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲረጥብ የቆየ ሰው በዚያ ነፋስ ላይ ሲቀመጥ ሙቀቱን በፍጥነት ያጣል። የሰውነት ሙቀት ከ37 ወርዶ ከ35 ዲግሪ በታች ሲሆን አስቀድሞ ኃይለኛ መንቀጥቀጥ፣ ቀጥሎ የምላስ መተሳሰር፣ የእጅ መደንዘዝና የፍርድ መዛባት ይከተላል። ሙቀቱ ይበልጥ ሲወርድ መንቀጥቀጡ ይቆማል፤ ትንፋሽና የልብ ምት እጅግ ስለሚዘገዩ ሰውየው የሞተ ሊመስል ይችላል። ሐኪሞች በብርድ የተጎዳን ሰው ሰውነቱ ሳይሞቅ ሞቷል ብሎ መወሰን አይገባም የሚሉት በዚሁ የተነሣ ነው። ይህ ነጥብ ቀጥሎ ለሚነገረው ታሪክ ያስፈልገናል።

«ግሪማልኪን» 9 ሜትር ያህል የምትረዝም፣ 6 ሰዎች የተሳፈሩባት ጀልባ ነበረች። ባለቤቷና መሪዋ ከ17 ዓመት ልጁ ጋር ነበር። ሌሊቱን ሸራ ሁሉ አውርደው፣ ፍጥነቷን እንዲገታ ከኋላዋ ገመድ እየጎተቱ ከነፋሱ ጋር ሸሹ፤ ሆኖም ደጋግማ በጎኗ ወደቀች፣ ሰዎቹም በመታጠቂያቸው ገመድ ታስረው ወደ ባሕር እየተወረወሩ ተመለሱ። መሪው ጭንቅላቱን ቆስሎ ብርድም ጸንቶበት ሳለ ጀልባዋ ሙሉ በሙሉ ተገለበጠች። ከሥሯ ተይዞ የቀረውን መሪ ለማስለቀቅ የታሰረበት ገመድ ተቆረጠ፤ ጀልባዋ ስትነሣ ግን ባሕሩ እርሱን ወሰደው። ልጁና ሁለት ጓደኞቹ ወደ ጀልባዋ ተመልሰው ሲያዩ ምሰሶው ተሰብሯል፣ ውስጧ ውሃ ሞልቷል፣ የቀሩት ሁለት ባልደረቦቻቸውም ሳይንቀሳቀሱ ተጋድመዋል። ሁለቱ ሞተዋል ብለው ደመደሙ፤ ታንኳውን ነፍተው ገቡበት፤ ሄሊኮፕተርም አነሣቸው።

ሁለቱ ግን አልሞቱም ነበር። ከእነርሱ አንዱ ነፍሱን ሲያውቅ ራሱን በውሃ ውስጥ፣ በመታጠቂያው ገመድ ከጀልባዋ ጋር ታስሮ አገኘው። እየተጎተተ ወጣ፤ ባልደረባውንም አወጣው፤ በአፉ ትንፋሽ እየሰጠ ሊያነቃው ሞከረ፤ ባልደረባው ግን ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ሬዲዮም ታንኳም በሌላት፣ ግማሽ በውሃ በተሞላች ጀልባ ላይ፣ ከሬሳው ጋር ብቻውን ውሃ በባልዲ እየቀዳ ቀኑን ሙሉ ቆየ፤ ማምሻውን ሄሊኮፕተር አገኘው። «ግሪማልኪን» እስከዚያ ሰዓት ድረስ አልሰመጠችም፤ ከዚያ በኋላም ተጎትታ ወደብ ገብታለች።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በመክዳትና በመከዳት መልክ ነው፤ እኔ በዚህ መንገድ አላነበውም። ሦስቱ ልጆች ያዩት ሁለት የማይንቀሳቀሱ፣ የቀዘቀዙ ሰዎችን ነው፤ ከላይ እንደተባለው ብርድ የያዘው ሰው ለሐኪም እንኳ ሬሳ ሊመስል ይችላል። በፈረሰች ጀልባ ላይ፣ ራሳቸውም በብርድ ደንዝዘው፣ አንዱም አባቱን ካጣ ጥቂት ጊዜ ሳይሞላው የሰጡት ፍርድ ነበር። የጉዳዩም አስቸጋሪ ጎን እዚህ ላይ ነው፤ ታንኳው ለእነዚህ ሦስቱ በእርግጥ ነፍስ አድን ሆኗል። «ጀልባውን አትተው» የሚለው ደንብ ከዚህ ታሪክ ብቻ ቢወጣ ኖሮ ግማሽ እውነት ይሆን ነበር።

ደንቡን ያጸኑት ሌሎቹ ታንኳዎች ናቸው። «ትሮፊ» የተባለችው ጀልባ 8 ሰዎች ከጀልባቸው ወጥተው የገቡበት ታንኳ በሞገዱ ተገልብጦ፣ አንዱ በሌላው ላይ የተጣበቁት ሁለት ቀለበቶቹ ተለያዩ፤ ወለልም ጣራም በሌለው ቀለበት ላይ ተንጠልጥለው ቆይተው ሦስቱ ሞቱ። «አሪያድኔ» ከተባለችው ጀልባ 6 ሰዎች 4ቱ አልቀዋል፤ የእነርሱም ታንኳ ተገልብጦባቸው ነበር፤ ሊያነሣቸው የመጣውን የጭነት መርከብ መሰላል ለመያዝ ሲሞክሩም ያመለጣቸውና የጠፉ አሉ። በዚያ ዘመን የነበሩት ታንኳዎች ከሥራቸው ውሃ የሚይዝ ክብደት ያላቸው አልነበሩም ማለት ይቻላል፤ በሞገድ ራስ ላይ ሲወጡ ነፋሱ ከሥራቸው ገብቶ እንደ ቅጠል ይገለብጣቸዋል። ከአንድ የብዙ ቶን ጀልባ ወደ እንዲህ ያለ ላስቲክ መግባት አደጋን መቀነስ ሳይሆን መለወጥ ነው።

የነፍስ ማዳኑ ሥራ በሰላም ጊዜ ከተደረጉት ታላላቆቹ አንዱ ነበር። ከኮርንዎል ጠረፍ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሄሊኮፕተሮች ከነጋ ጀምሮ እየተመላለሱ ሰዎችን በሽቦ ገመድ እያነሡ አወጡ፤ ኒምሮድ የተባሉት የቅኝት አውሮፕላኖች ከላይ ሆነው ጀልባዎቹን ይፈልጉ ነበር፤ «ኦቨራይሰል» የተባለችው የኔዘርላንድስ የጦር መርከብና የአየርላንድ ባሕር ኃይል ተሳተፉ፤ ከእንግሊዝና ከአየርላንድ ወደቦች የበጎ ፈቃደኞች የነፍስ አድን ጀልባዎችም በዚያው ወጀብ ውስጥ ወጡ። ሥራውን ያከበደው ሰፊ ባሕር ላይ ተበታትነው የነበሩት ጀልባዎች የት እንዳሉ አለመታወቁ ነው። የውድድሩ ደንብ የሬዲዮ መቀበያን እንጂ ማስተላለፊያን አያስገድድም ነበር፤ ማስተላለፊያ የሌላቸው ጀልባዎች ትንበያ መስማት እንጂ ችግራቸውን መናገር አይችሉም፤ የሳተላይት አቅጣጫ መጠቆሚያ ገና በእነርሱ ዘንድ አልነበረም።

ከ303ቱ ጀልባዎች ውድድሩን የጨረሱት 85 ሲሆኑ 194ቱ አቋርጠው ወጥተዋል። በመጀመሪያ ፕሊመዝ የገባችው ትልቋ «ኮንዶር ኦፍ ቤርሙዳ» ጉዞውን በ71 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ጨርሳ የፍጥነት ክብረ ወሰን ሰብራለች፤ በጀልባ መጠን በተመጣጠነው ስሌት አሸናፊ የሆነው የተርነር «ቴኔሸስ» ነበረች። ትልልቆቹ ቀድመው አለቱን ዞረው ስለነበር ወጀቡ የደረሰባቸው በመልስ ጉዟቸው ነው። የሂዝ ጀልባ መሪዋ ተሰብሮባት አቋርጣለች፤ በዚያ ውድድር ክብደት ለመቀነስ ከካርቦን ጭረት የተሠሩ መሪዎች በብዙ ጀልባዎች ላይ ተሰብረዋል።

ሮያል ያቲንግ አሶሲየሽንና ሮያል ኦሽን ሬሲንግ ክለብ የተባሉት የእንግሊዝ የጀልባ ማኅበራት በጋራ ያካሄዱት ምርመራ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወጣ። መርማሪዎቹ ለጀልባ መሪዎች ሁሉ መጠይቅ ልከው ከ200 በላይ መልስ አሰባስበዋል፤ ሥራው በፍጥነቱም በጥልቀቱም ዛሬ ድረስ የሚደነቅ ነው። ከግኝቶቹ አንዱ ብዙዎችን ቅር ያሰኘ ይመስለኛል፤ ሸራ አውርዶ መቆም፣ ገመድ እየጎተቱ ከነፋስ ጋር መሸሽ ወይም በትንሽ ሸራ መጓዝ ከሚሉት ዘዴዎች ለሁሉም ጀልባ የተሻለ የሚባል አንድም አላገኙም። ይልቁንም ያተኮሩት በትንንሽ ነገሮች ላይ ነው፤ የበሩ ሳንቃ በገመድ ከጀልባው ጋር እንዲታሰር፣ ባትሪና ምድጃ ጀልባው ቢገለበጥ እንኳ እንዳይነቀሉ ሆነው እንዲታሰሩ፣ ከተቀጠፉት የደኅንነት መታጠቂያ መንጠቆዎች ይልቅ ጠንካሮች እንዲሠሩ፣ ለከባድ ወጀብ የሚሆን ትንሽ ሸራ እንዲያዝ፣ ሬዲዮ ማስተላለፊያም ግዴታ እንዲሆን። በኋላ የተሠሩት ታንኳዎች ከሥራቸው ውሃ የሚሞሉ ከረጢቶች ተደረገላቸው። ባሕረኞችም ዛሬ ድረስ ለተማሪ የሚነግሩት ደንብ ከዚሁ ምርመራ መንፈስ ጋር የሚሄድ ነው፤ ወደ ታንኳው የሚገባው ከጀልባው ወደ ላይ በመራመድ ነው፣ ማለትም ጀልባው ከእግር ሥር እየሰመጠ ታንኳው ከፍ ብሎ እስኪታይ ድረስ አይወጣም።

የሳንቃዋ ገመድ ከሁሉም ይበልጥ ትገርመኛለች። ዋጋዋ እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ ሆኖም ሳንቃው በቦታው ቢቆይ ኖሮ ከተገለበጡት ጀልባዎች ብዙዎቹ ያን ያህል ውሃ ባልገባባቸው፣ በውስጣቸው የነበሩትም ሰዎች «እየሰመጥን ነው» ብለው ለማመን ምክንያት ባነሳቸው ነበር።

በትንሿ ምድብ ከተነሡት ከ50 በላይ ጀልባዎች ውድድሩን የጨረሰችው አንዲት ብቻ ናት፤ «አሴንት» የተባለች፣ ከላይ ያነሣናት ጠባቧና ከባዷ ኮንቴሳ 32። እርሷም በዚያ ሌሊት በሞገድ ወድቃ ነበር፤ ተነሥታ ጉዞዋን ቀጠለች። ባለቤቷ በኋላ ዓመታት ይችኑ ጀልባ ይዞ በግሪንላንድ በረዶ መካከልና እስከ አንታርክቲካ ድረስ ሄዷል።